የዘበኛው ቤት ራውተር

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ይጥላል። አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ የንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ ወረቀት ካስገባ ስድስት ወር ሆኖታል። ወረቀቱ የተቀመጠው በንግድ ቢሮው ኃላፊ በአቶ ደምመላሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያ ቀን አቶ ደምመላሽ ኢንተርኔት እንዲያስተካክልላቸው ጠጋኙን ቤታቸው አስጠሩት።

የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው በዘበኛው ቤት ባለችው ትንሽ ራውተር፣ ኢንተርኔት በምታከፋፍለው መሣሪያ፣ በኩል ነው። አቶ ደምመላሽ ግን «የእኔ ኮምፒውተር በዘበኛ በኩል አያልፍም» ብለው ትልቅ ራውተር ገዝተው መኝታ ቤታቸው አስቀምጠዋል። ወደ ውጭ የሚወስድ መስመር አላስገቡለትም።

ጠጋኙ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት የተጫነበትን የአቶ ደምመላሽን ላፕቶፕ ከፍቶ፣ መረጃው በየት በኩል እንደሚሄድ አየ።

«የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔት ግን የለም» አሉ አቶ ደምመላሽ በእንግዶቻቸው ፊት። «ጥፋቱ የማን ነው? የማሽኑ ካልክ አዲስ ነው፤ ዋሸህ። የእኔ ካልክ ፈቃድህን እርሳው።»

«የማንም አይደለም፣ ጌታዬ» አለ ጠጋኙ። «ላፕቶፑ እንደ እኛ እንደ ባለጉዳዮቹ ነው። ጉዳዩን ሁሉ ይዞ ወደ ትልቁ ይሄዳል፤ ትልቁም ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። ዘበኛውን ቢጠይቅ ግን መውጫውን ያሳየው ነበር።»

እንግዶቹ ሳቁ። አቶ ደምመላሽ አልሳቁም።

«እንግዲያው ዘበኛውን ይጠይቅ» አሉ።

ጠጋኙ መንገዱን ወደ ዘበኛው ራውተር የሚያዞር አንድ ትእዛዝ ላፕቶፑ ላይ ጻፈ፤ ኢንተርኔቱ መጣ።

አቶ ደምመላሽ ፈቃዱን ሊፈርሙ ወሰኑ። በማግስቱ ቢሮ ገብተው ወረቀቱን ሲፈልጉ የአርባ ሌሎች ሰዎች ወረቀት ተጭኖበት አገኙት። አንድ በአንድ እያነሡ፣ እነሱንም ፈረሙ።