ቀዳዳ የለመኑ ዝግባዎች

ተረት ተረት፣ የጭጋግ ቤት።

ጭጋግ ተከናንቦ በሚያንቀላፋ ደን ውስጥ ይሉኝታ የሚያጠቃው አንድ ግንደ ቆርቁር ይኖር ነበር። የዚያ አገር አናጢ ከወፎች ጋር የቆየ ውል አለው፤ ቀዳዳ ያለበትን ዛፍ ለጎጇቸው ይተውላቸዋል፣ ድፍኑን እየመረጠ ይቆርጣል፣ በቆረጠበትም ችግኝ ይተክላል።

አንድ ማለዳ አንዲት ለግላጋ ዝግባ ግንደ ቆርቁሩን በሹክሹክታ ጠራችው።

«ወንድምዬ፣ መጋዙ እንዲያልፈኝ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ፈልፍልልኝ።»

«ወፍ የማያድርበት ቀዳዳ ምን ያደርግልሻል?» ሊላት አሰበና አፈረ። ፈለፈለላት። ጎረቤቶቿም ለመኑት። ለአንዷ አድርጎ ሌላዋን እንዴት እምቢ ይበል? በሕልም እንዳለ ሰው ሲፈለፍል ከረመ።

አንድ ሽማግሌ ዝግባ ግን «ተራዬ ከደረሰ እሄዳለሁ» አለ። አናጢውም ቆርጦ የቤቱ ምሰሶ አደረገው።

ከዚያ በኋላ አናጢው ደኑን ቢዞር ቢዞር ድፍን ግንድ አጣ። የቱ የወፍ ቤት፣ የቱ ባዶ ቀዳዳ እንደሆነም መለየት አቃተው።

«እንግዲህ ጣውላ ካልወጣው ከሰል ይውጣው!» ብሎ ሁሉንም ቆርጦ አከሰለው። ጭሱ ከጭጋጉ ጋር ተቀላቅሎ ሰነበተ።

ጭሱ ሲገለጥ ግንደ ቆርቁሩ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ አልነበረም። በርሮ በርሮ ሲደክመው ከአናጢው ደጃፍ ደረሰና «ቤቶች!» ብሎ አንኳኳ።

«ማነው?» አለ ምሰሶው ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ የደኑ ወፍ። ከዛፎቹ የቆመ አለ?»

«እኔ አለሁ» አለው ምሰሶው።

ተረቴ አለቀች፤ በሩን ክፈቱለት።