በጉም ውስጥ የጮኸው አህያ

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምርና ፊደልም ስለምሳሳት አንባቢዎች ይቅር በሉኝ። ተረቱ እንዲህ ነው።

አንድ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጉም በሚወርድበት የግራር ሜዳ ላይ ብዙ እንስሳት አብረው ይኖሩ ነበር። ጉም ሲወርድ ዓይን አይጠቅምም። ስለዚህ ከአያቶቻቸው የወረሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። አደጋ የሰማ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማ ተቀብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ትልቁ ድንጋይ ሮጠው ቀንዳቸውን ወደ ውጭ አዙረው ይቆማሉ። ጅብ ስንት ጊዜ መጥቶ ይህን የቀንድ አጥር አይቶ በባዶ ሆዱ ተመልሷል።

ከሁሉም ቀድማ የምትሰማው ሚዳቋ ነበረች። ሣር ሲታጠፍ እንኳ ይሰማታል። ግን ዓይን አፋር ነበረች፤ ድምፅዋም ቀጭን ስለሆነ ታፍርበታለች። ስለዚህ አንድ ነገር በሰማች ቁጥር አጠገቧ ለሚግጠው ለአህያው ሹክ ትለዋለች። እሱም አንገቱን ዘርግቶ ሜዳውን በሙሉ ያናጋዋል።

«አንቺ ስሚ፣ እኔ ልጩህ» ይላት ነበር። «እኔ እንደሆነ ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።»

አንድ ቀን ዝንጀሮ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ደንግጦ በከንቱ ጮኸ። ሁሉም ሮጠ። በግርግሩ የአንድ ጠቦት እግር ተሰበረ፤ የሜዳው ንጉሥ አንበሳም ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ። በማግስቱ አማካሪው ቀበሮ እንስሳቱን ሰብስቦ አዋጅ ነገራቸው። ከእንግዲህ መጮህ የፈለገ አስቀድሞ ወደ ቀበሮ ጉድጓድ መጥቶ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ የጮኸ ይቀጣል።

አንዲት በግ ጅብ እየመጣ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል ብላ ቀስ ብላ ጠየቀች። ቀበሮው ፈገግ ብሎ፣ ንጉሡ ለእሱም አስበውበታል፣ ሜዳውን የሚጠብቅ ዘበኛ ሾመዋል አላት። ዘበኛው ጅብ ነበር።

ጥቂቶች አጉረመረሙ። ብዙዎቹ ግን የጠቦቱ እግር መሰበሩ እውነት ነው፣ አህያውም ቢሆን ጩኸት አብዝቷል እየተባባሉ ተበታተኑ። ፍየሏማ «አሁን ገና ጆሯችን አረፈ» አለች።

አህያው ብቻ ሣሩን መጋጥ ትቶ ቆመ። «ካልጮህን አንሰበሰብም» አላት ሚዳቋን። «ካልተሰበሰብን ደግሞ አያ ጅቦ አንድ በአንድ ይለቅመናል።»

ሚዳቋም እንደዚያ አስባ ነበር። ግን ሌሎቹ እሺ ካሉ እኔ ማን ነኝ ብላ ዝም አለች።

ብዙም ሳይቆይ ከባድ ጉም የወረደበት ጠዋት መጣ። ሚዳቋ ጆሮዋን አቆመች። ከኋላ ዝቅ፣ ከፊት ከፍ ያለ የሚያነክስ እርምጃ ሰማች። ይህን እርምጃ አትስተውም። ሮጣ ለአህያው ነገረችውና ፈቃድ እንጠይቅ ወይ አለችው። አህያው ወደ ቀበሮ ጉድጓድ የሚወስደውን መንገድ አየ። ሩቅ ነበር። ከዚያ አንገቱን ዘርግቶ ጮኸ።

እንስሳቱ በልማዳቸው መሮጥ ጀመሩ። መንገድ ላይ ግን አዋጁ ትዝ አላቸውና ግማሾቹ ቆሙ፤ ግማሾቹም የቆሙትን አይተው ቆሙ። ጩኸቱን ተቀብሎ የጮኸ አንድም አልነበረም። ጉሙ ሲገለጥ ያቺ ጥያቄ የጠየቀችው በግ የለችም።

ከሰዓት በኋላ አንበሳው ችሎት ተቀመጠ። የተከሰሰው አህያው ነበር። ቀበሮው ክሱን አሰማ። አህያው ያለ ፈቃድ ጮኾ ሕዝብ አሸበረ፤ ጩኸቱም ውሸት ነው፤ ምስኪኗ በግ በእሱ ጩኸት ደንግጣ ገደል ገብታለች። ከዚያ ዘበኛው ቃሉን እንዲሰጥ ተጠራ።

«እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ተኝቼ ነበር፣ ጌታዬ» አለ ጅብ። «ደግሞ በጓም ብትሆን ያን ያህል ሥጋ የላትም። ጎድኗ ጥርስ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል።»

እንስሳቱ እርስ በርስ ተያዩ።

«አያ ጅቦ ጨዋታ ይወዳል» አለ ቀበሮው ቶሎ ብሎ።

የሳቀ የለም። የተናገረም የለም። ሁሉም በገዛ ጆሮው ሰምቶ መሬት መሬቱን አየ።

አንበሳው አህያውን በጉም ውስጥ ምን አየህ ብሎ ጠየቀው። አህያው ምንም አላየሁም አለ። ታዲያ ጅብ መሆኑን በምን አወቅህ፣ ከአንተ ጋር የሰማ ምስክር አለህ ወይ አለው።

አህያው ዞር ብሎ በፍየሎቹ መካከል የቆመችውን ሚዳቋ አያት። እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እኔ አንድ ቃል ብናገር ፍየሏም ትናገር ይሆናል፣ ዝንጀሮውም ይከተላል፣ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ጀማሪ ነው ብላ አሰበች። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አፏንም ከፈተች።

አህያው መንቀጥቀጧን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ አንበሳው መለሰ።

«ብቻዬን ነበርኩ» አለ።

ሚዳቋ አፏን ዘጋች። ልቧም ቀለል አላት። ከሁሉም በላይ ኋላ የሚቆጫት ይህ ቀለል ማለቱ ነበር።

የአህያው አፍ በልጥ እንዲታሰር ተፈረደ። ሁሉም እንስሳ ከግራር አንዳንድ ልጥ ልጦ እንዲያመጣ ታዘዘ። ሁሉም አመጣ። ሚዳቋም አመጣች።

ከዚያ በኋላ ሌላ የጉም ጠዋት መጣ። ሚዳቋ ያንን እርምጃ እንደገና ሰማች። አህያውም እሷን አይቶ ገባው፤ አፉ ግን ታስሯልና በሰኮናው መሬቱን ይደበድብ ጀመር። እሷ መጮህ አልደፈረችም። እስክትወድቅ ሮጣ ቀበሮ ጉድጓድ ደረሰችና ጅብ እየመጣ ነው፣ ልጩህ ወይ አለችው።

ቀበሮው እየተንጠራራ ብቅ አለ። «አየሽው?»

«ሰማሁት እንጂ አላየሁትም።»

«እንግዲያው አይተሽ ነይ» አላትና ተመልሶ ገባ።

ስትመለስ በአህያው ቦታ ያገኘችው የተበጠሰ ልጥ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጅብ ጉም መጠበቁን ተወ። በጠራራ ፀሐይ እየመጣ ያሻውን ይወስዳል። ያቺ ጆሯችን አረፈ ያለችው ፍየል ግልገሏ ሲወሰድባት አዋጁን ረስታ ጮኸች። ግን ወጣቶቹ እንስሳት ያለ ጩኸት ስላደጉ ከእነሱ መካከል ጩኸት ሲሰማ ወዴት እንደሚሮጥ የሚያውቅ አልተገኘም። ቆመው አዩዋት።

የአህያው ልጅ፣ አባቷ ሲሞት ገና ትጠባ የነበረች ውርንጭላ፣ በዚህ መካከል አደገች። የውሸታም ልጅ እያሉ ለብቻዋ ነበር የሚያስግጧት። አንድ ቀን ወደ ሚዳቋ መጣች።

«እትዬ፣ አንቺ ከአባዬ ጋር ትግጪ ነበር አሉ» አለቻት። «አባዬ ለምን ዋሸ?»

ሚዳቋ መጀመሪያ ሣሩ እዚያ ማዶ ይሻላል፣ ሂጂና ጋጪ አለቻት። ውርንጭላዋ አልሄደችም። ሚዳቋ ቀበሮ ይኖር እንደሆነ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ይህ ልማድ ሆኖባት ነበር። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

«አባትሽ አልዋሸም። ጅቡን የሰማሁት እኔ ነኝ። ለእሱ የነገርኩትም እኔ ነኝ። ችሎት ፊት ምስክር ሲጠየቅ እዚያው ቆሜ ነበር። ሊጠራኝ ይችል ነበር፤ ፈርቼ ሲያየኝ ብቻዬን ነበርኩ አለ። እኔም ዝም አልኩ።»

ውርንጭላዋ ቀና ብላ አየቻት።

«ይህን እስከ ዛሬ ለማን ተናግረሻል?»

«ለማንም» አለች ሚዳቋ።

ከዚህ የምንማረው ገዢ ድምፃችንን በፈቃድ ሊያደርገው ሲነሳ የመጀመሪያው ቀን ላይ፣ ገና ተሰብስበን መቆም ስንችል እምቢ ማለት እንዳለብን ነው፤ አለዚያ እውነቱን የምንናገረው፣ እውነቱ ሊያድነው ይችል ለነበረው ሰው ሳይሆን ለወላጅ አልባ ልጁ ይሆናል።