የአህያው አፈርሳታ

አንድ ጊዜ ዝናብ ሁለት ክረምት በተከታታይ ከደጋውም ከቆላውም ቀረ። የአራሾቹ ማሳ ተሰነጠቀ፤ የአርቢዎቹ ሜዳ ሣር አጣ። ንጉሡ አንበሳ በጥጋብ ዘመን ያጠራቀመውን አርባ ጆንያ ማሽላ ለተራቡት ሊያድል ቆረጠና አህያን አስጠራው።

«ሰፋሪው አንተ ነህ» አለው።

አህያ ጆሮዎቹን ጣለ። «ንጉሥ ሆይ፣ እኔ እኮ እሳሳታለሁ።»

«እንደምትሳሳት ስለምታውቅ ነው የመረጥኩህ። ግን ልብ በል፤ እስኪዘንብ ድረስ ከዚህ ሌላ እህል የለንም።»

በማግስቱ አህያ ቁናውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ ጎተራውን ከፈተ። ከሁሉም ፊት ቆሞ የጠበቀው ጅብ ነበር፤ ከኋላው ደግሞ ቀበሮ።

«አያ ጅቦ፣ ማሽላ መብላት የጀመርከው መቼ ነው?» አለ አህያ።

«ችግር የማያስለምደው ምን አለ ወንድሜ!» አለ ጅብ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ። «ደግሞስ በነፃ የሚሰጥ ነገር እንዴት ይታለፋል?»

ቀበሮ በክርኗ ጎሸመችውና እንባዋን አወረደች። «ሰባት ልጆች አሉኝ ጌታዬ!»

አህያ እነዚያን ሰባት ልጆች አይቷቸው አያውቅም። ቢሆንም «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ቢሆንስ?» አለና ሰጣት። ሁለቱ አራት ጆንያ ይዘው ሄዱ። ይህን ያየው ሰልፍ ይገፋፋ ጀመር፤ ጉልበት ያለው ቀደመ፣ ጉልበት የሌለው ተረገጠ። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን አሥራ ሁለት ጆንያ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ አህያ ጎተራውን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከኮረብታው ጀርባ ግመልን አገኛት። ከሩቁ ሜዳ ተጉዛ መጥታ ግራር ሥር ወድቃለች። ግልገሏ አንገቷን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እመት ግመል! እህል ሲሰፈር የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ። መቆም አቃተኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ብቆም ኖሮስ? ለመንገደኛው ሁሉ ወተት ስሰጥ የኖርኩ ነኝ። ዛሬ በምን አፌ ልለምን?»

አህያ ለራሱ ስንቅ የያዛትን እፍኝ ማሽላ ግልገሉ አፍ ሥር አፈሰሰ። እፍኝ እህል ግን ስንት ቀን ያኖራል? «ለጮኸ ሰፈርኩ እንጂ ለተራበ አልሰፈርኩም» አለ በልቡ። ቤቱ ሳይገባ ወደ አንበሳ ተመለሰ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ተሳስቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አፈርሳታ ይጠራ።»

አፈርሳታ ሌባ ሲሰወር የሚጠራ ጉባኤ ነው። አገሩ በሙሉ ይቀመጣል፤ የሚያውቀውን በመሐላ ሳይናገር ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። አንበሳ ግራ ገባው። «ማን ተሰረቀ?»

«ሌባ ፍለጋ አይደለም ንጉሥ ሆይ። ሌባ በአፈርሳታ የሚገኝ ከሆነ የተራበስ ለምን አይገኝም?»

በማግስቱ ጠዋት እንስሳቱ ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። አህያ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ሕጉን ተናገረ፤ «ስለ ራሱ የሚናገር የለም። እያንዳንዱ ጎረቤቱ ትናንት ምን እንደበላ ይመስክር፤ በዓይኑ ያየውን ብቻ!»

ቀበሮ ወደ ጅብ ጆሮ ተጠጋች። «እኔ ስላንተ፣ አንተ ስለ እኔ። ‹ምንም አልበላችም› በልና ዝም በል፤ ገባህ?»

«ገባኝ፣ ገባኝ።»

እሷ ቀድማ ተነሳች። «አያ ጅቦ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል! ትናንት አንዲት ፍርፋሪ አልቀመሰም!» ብላ ስታለቅስ ጅብ በራሱ ረሃብ አንጀቱ ተላወሰ። ውለታዋን በእጥፍ ሊመልስ ዘሎ ቆመ።

«እመት ቀበሮም ምንም አልበላችም!»

«በዓይንህ አይተሃል?» አለ አህያ።

«አብሬያት ውዬ!»

«የት?»

«ያጠመድነው ወጥመድ ጋ ነዋ! ከወሰድነው ማሽላ ረጨንና ሦስት ጅግሮች መጡልን። ሁለቱን እኔ ዋጥኩ፤ ለእሷ የደረሰቻት አንዲት ከሲታ ናት። እስቲ እናንተው ፍረዱ፣ ይሄ መብላት ይባላል?»

ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጅግራ ከቅርንጫፉ ላይ «እህቶቼን!» ብላ ጮኸች፤ አገሩም አብሯት ጮኸ። አንበሳ ከመቀመጫው ሲነሳ ጅብ አሁንም ምን እንዳጠፋ አልገባውም ነበር።

አራቱ ጆንያዎች ተመለሱ። ጩኸቱ ሲበርድ በሬ ቀስ ብሎ ቆመ። «እመት ግመል ከኮረብታው ጀርባ ወድቃለች። ትናንት የግራር ቅርፊት አኝካ አለስልሳ ለግልገሏ ስታጎርሰው አይቻለሁ። እሷ አልዋጠችም።»

«ስለ በሬስ ማን ያውቃል?» አለ አህያ።

«እኔ!» አለች ጅግራ እንባዋን ጠርጋ። «የዘር ማሰሮውን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ሲከድን አይቻለሁ። ሳይበላ ነው ያደረው።»

አህያ ደነገጠ። ዘሩ ዛሬ ከተበላ ዝናቡ ቢመጣስ ምን ይበቅላል? ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ አንድ በአንድ እያረጋገጠ እስከ ማታ ጨረሰ፤ መምጣት ለተሳናቸው እህሉ ራሱ ይሂድ ብሎም ወሰነ። ተሸካሚዎቹ ጅብና ቀበሮ ሆኑ፤ አንበሳ ከኋላቸው ይከተላል።

«አይዞህ አያ ጅቦ» አለች ጅግራ ከላይ እየበረረች፣ «ሸክሙም እኮ በነፃ ነው!»

ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ ተቀደደ። በሬ ያልተነካ ዘሩን ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ። የግመል ግልገል በጭቃው እየተንሸራተተ ሲሮጥ እናቱ ቆማ ታየው ነበር፤ በአራት እግሯ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ። በዚያ ድርቅ አንድም ነፍስ በረሃብ አልጠፋም። አህያ ጎተራውን ሲጠርግ ሁለት ጆንያ ተርፎ አገኘና ማመን አቅቶት እንደገና ቆጠረ፤ ሁለት ናቸው። ያን ጊዜ ጆሮዎቹን ቀጥ አድርጎ አገሩ እስኪያስተጋባ አናፋ።

ከዚያ ክረምት ጀምሮ የዚያ አገር እንስሳት ጠዋት ሲገናኙ «እንዴት አደርክ?» ከማለታቸው በፊት «ጎረቤትህ እንዴት አደረ?» ይባባላሉ።

ከዚህ የምንማረው በችግር ቀን ከሁሉ የተራበው ብዙውን ጊዜ ከሰልፉ ፊት የሚጮኸው ሳይሆን መቆም ያቃተውና መለመን ያፈረው ስለሆነ፣ እህል ከመስፈራችን በፊት ጎረቤቱን መጠየቅ እንዳለብን ነው።