ትል የተባሉት ጥርሶች

አንድ ጊዜ እመት ጅቢት አንድ ልጅ ነበራት። የጎረቤት ልጆች አጥንት ሲቆረጥሙ የእሷው በድዱ ቀረ። በስንት ጊዜ ሁለት ጥርስ ብቅ ቢሉ ከላይ ሆኑ።

«ጉድ ነው!» አሉ ጎረቤቶቿ። «የላዩ የቀደመ ገደ ቢስ ነው። እናቱን ይበላል።»

እመት ጅቢት ደነገጠች። መበላት ለሌላው እንጂ ለእሷ የተፈጠረ አይመስላትም ነበር።

ከገደሉ ማዶ አንዲት አሮጊት አህያ ትግጣለች። ገዢ ሁሉ አፏን እየከፈተ ዕድሜዋን ከጥርሷ ሲያይ ስለኖረ የጥርስን ነገር ታውቃለች።

«ታገሺ፣ እመት ጅቢት!» አለች። «አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። ከላይም ጀመረ ከታች፣ መብቀሉ አይቀርም።»

«እስቲ ጠጋ ብለሽ ምከሪኝ!»

«ከዚህም ይሰማል።»

«የአህያ ምክር!» ብላ ምራቋን ተፋችና አያ ቀበሮን ጠርታ ወደ ዋሻዋ አመጣችው።

ቀበሮ የልጁን ድድ ነካ ነካ አደረገ። ዓይኑ ግን ጥግ ካለው የበሬ ጭን ላይ ነበር።

«ግግ ነው፣ እሜቴ። ድዱ ውስጥ ትል አለ። ካልወጣ ልጅሽን ትቀብሪዋለሽ።»

«ታዲያ አውጣዋ!»

«በባዶ እጅ መድኃኒት አይሠራም።»

«ጭኑን ውሰደው» አለች፣ ምራቋን እየዋጠች።

ቀበሮ ድዱን በእሾህ ፈልፍሎ አራት ትንንሽ ነጫጭ ነገሮች አወጣ። ልጁ ጮኸ፤ ደሙ በአገጩ ወረደ።

«አየሻቸው ትሎቹን?»

«አየኋቸው! እግዜር ይስጥልኝ!» ብላ ጭኑን እራሷ ተሸክማ እስከ ቤቱ ሸኘችው።

ክረምት አለፈ፣ በጋ መጣ። የፊት ጥርሶቹ ሁሉ በቀሉ፤ ክራንቻዎቹ ግን የሉም። አጥንት ሲሰጡት ይልሰዋል። የሰፈሩ ልጆችም «አያ ልሶ» አሉት።

እመት ጅቢት ከገደሉ አፋፍ ቆማ ጮኸች፤ «አንቺ አህያ! ትሉ ወጥቶ የለ? ክራንቻውን ምን በላው?»

«ትሎቹ ሲወጡ ተንቀሳቀሱ?»

«ኧረ የለም።»

«ጫፋቸውስ?»

«የሾለ ነው።»

አህያዋ ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን አሳየቻትና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ እመት ጅቢት ያገኘችውን ሁሉ አላምጣ ለልጇ ታጎርሳለች። ሥጋው አፏ ይገባል፤ ሆዷ ግን አይደርስም። አጥንቷ ገጦ ሲያዩዋት ጎረቤቶቿ ይሳሳቃሉ፤ «አላልንም? እናቱን በላ!»

ከዚህ የምንማረው የዘገየ ጥርስ በራሱ ጊዜ እንደሚበቅል፣ ድንቁርና «ትል ነው» ብሎ የነቀለውን ግን ጊዜም እንደማይመልሰው ነው።