የእመት ጃርት ክዳን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ላውራችሁ። አላችሁ? «አለን!» እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ ዘራቸውን በአንድ ጎተራ በሚያስቀምጡበት ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል ባለሙያ ነበረች። ባለፈው ክረምት አንዱ እርጥብ ገብስ ጎተራው ውስጥ ከትቶ፣ ዘሩ ሻግቶ፣ አገሩ በሙሉ ተርቦ ነበር። እመት ጃርት ይህን አይታ ከጭቃና ከሸንበቆ የሚናገር ክዳን ሠራች። ክዳኑ የነገሩትን ደንብ ይጠብቃል። «እርጥብ እህል አታስገባ» ካሉት፣ እርጥብ ሲመጣ «አይገባም!» ብሎ ይመልሳል።

እንስሳቱ ተንጋግተው መጡ። «ለጋራው ጎተራ ስጪን!» አሏት።

እመት ጃርት ግን ልቧ ተሰቅሏል። ከወንዝ ማዶ ያለች ልጇን ምጥ ይዟታል። ክዳኑን ለአያ ዝንጀሮ አስታቅፋ መንገድ ጀመረች።

«ኧረ አጠቃቀሙን ንገሪን!» ብሎ ጮኸ ዝንጀሮ።

«ንገሩት፣ ይሰማል!» አለችና እየሮጠች ሄደች።

ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ዝንጀሮ ክዳኑን ጎተራው ላይ ደፍቶ፣ «እርጥብ እህል አታስገባ!» አለው። ክዳኑ ዘሎ ወረደ። መልሶ ደፋው፤ ዘሎ ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜ ደፋው፤ ዘሎ እግሩ ላይ ወደቀበት።

«ተቀመጥ!»

«አልቀመጥም!»

«ተቀመጥ እልሃለሁ!»

«አልቀመጥም!»

ዝንጀሮ ደሙ ፈላ። «እንግዲያው ምንም ነገር አይለፍብህ!» ብሎ ጮኸበት። ይኼኔ ክዳኑ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም እፎይ አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ነጎድጓዱ አጓራ፣ መሬቱ ራሰ። እንስሳቱ ዘር ሊያወጡ ወደ ጎተራው ሮጡ።

«ክፈት!»

«ምንም አይለፍ ተብያለሁ።»

ዝንጀሮ ጎተተው፤ እምቢ። ከርከሮ በክራንቻው ፈለቀቀው፤ እምቢ። ቆቅ «ለልጆቼ እዘንላቸው» እያለች አለቀሰች፤ እምቢ።

«ያንን ደንብ ተወው!» አሉት።

«የቱን? ስሙን ጥሩልኝ።»

ስም ግን አልሰጡትም ነበር። በዚያ ላይ ከጎተራው የሻገተ ሽታ መውጣት ጀመረ።

«እኔ ልሂድ፤ ዋና እችላለሁ» አለች ኤሊ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁባት ነበር።

ወንዙ ሞልቷል። ኤሊ እየዋኘች፣ እየተላተመች ማዶ ደረሰች። እመት ጃርትን የልጅ ልጇን ታቅፋ አገኘቻትና ሁሉን ነገረቻት። ጃርት ወደ ወንዙ በረረች፤ ውኃው ግን ለእሷ የሚደፈር አልነበረም። ዳር ዳሩን ተንቆራጠጠች።

«ለእኔ ይንገሩኝ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ኤሊ።

ጃርት በጥድፊያ ነገረቻት። «አልገባኝም» አለች ኤሊ። ጃርት ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችላት። «አሁንም አልገባኝም። ክዳን የሚባል ነገር አይቼ እንደማላውቅ ቆጥረው ይንገሩኝ።»

ጃርት ቁጭ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል መረጠች።

«ደንብ ከመንገራችሁ በፊት ውስጡን አጽዱ። ደንቡን የሚጥስ ነገር አስቀድሞ ውስጥ ካለ ክዳኑ አይቀመጥም። ለደንቡ ስም ስጡት፤ ደንቡን መሻር ስትፈልጉ በስሙ ትጠሩታላችሁ። ስም ሳትሰጡት ከቀራችሁ ደግሞ ክዳኑን ጠይቁት፤ ራሱ አውጥቶለታል።»

ኤሊ ቃሉን እያነበነበች ተመልሳ ዋኘች። እንደደረሰችም ክዳኑን ጠየቀችው፤

«የተጣለብህ ደንብ ስሙ ማን ነው?»

«‹ጭጭ› ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» ብሎ አንባረቀ ዝንጀሮ።

«ማን ጠየቀኝ?»

«ጭጭን ተወው!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ክዳኑ ተነሳ።

ከሥር ቀድሞውንም እርጥብ ገብስ ነበር፤ እኩሌታው ዘር በስብሷል። የበሰበሰውን ጥለው፣ ደኅናውን ለይተው በዝናብ እየተሯሯጡ ዘሩ። የቀረችውን አድርቀው መለሷትና ለክዳኑ «ደረቅ ብቻ» የሚል ስም ያለው ደንብ ሰጡት። ክዳኑም ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ።

የቆቅ ድርሻ ግን ከበሰበሰው ጋር ሄዷል። ወንዙ ሲጎድል እመት ጃርት መጥታ ከራሷ ጎታ ዘር ሰፈረችላት።

«ክዳኑን ሰጠኋችሁ፤ ቃሉን ግን ይዤው ሄድኩ» አለቻት።

ከዚያ ሁሉንም ሰብስባ፣ አጠቃቀሙን የቆቅ ጫጩት ሳትሳሳት እስክትደግመው ድረስ አስረዳች።

እናንተም መሣሪያ ስትሠሩ አሠራሩን አብራችሁ ንገሩ፤ የሚጠቀምበት ሰው በሚገባው ቃል፣ ሳትቸኩሉ። እኔ አፌን ዘጋሁ፤ እናንተ ጆሯችሁን አትዝጉ።