ግንዱ ካንተ፣ ጥላው ከሰው

ሕይወቴን ይንሳኝ፣ አንዲት የሐሰት ቃል ከጨመርኩ! ይቺ የቀረችኝ ጥርስም ትርገፍ።

በዚያ ዘመን፣ ተራሮች ገና መቀመጫ ሲመርጡ፣ ፀሐይ በር የምትባል ከተማ ነበረች። አንድ ዛፍ የላትም። ከሙቀቷ የተነሣ ዶሮዎቿ የሚጥሉት የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፍ ከተራራው ወርዶ ጎጆውን ከነጉልላቱ ይወስዳል።

ሙጪት የምትባል ሸክላ ሠሪም ነበረች። ጎርፍ ጎጆዋን ወሰደባት። «ዳግመኛ ከወሰደብኝ አብሬው እሄዳለሁ» አለችና ከተራራው ግርጌ እስከ ገበያው፣ በየሰው ደጅ ችግኝ ተከለች።

ጎረቤቷ አያ ውበቱ ሣቀ። «ሸክላ ሠሪዋ ማገዶዋን እኛ ደጅ ልታሳድግ ነው!»

ፍየል በላው። እንደገና ተከለች። ፍየል በላው። እንደገና ተከለች። ኋላ አንድ ነገር ታያት።

«አያ ውበቱ፣ ይሄ ችግኝ ያንተ አይደለም። ግንዱ ካንተ ደጅ ነው፤ ሲያድግ ጥላው የሚያርፈው ግን እነ ጌጤ ደጅ ነው። ዛፍ የባለ ጥላው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ቤት ነኝና እጠብቃለሁ?»

«አደራ ነዋ!»

አደራ በላ መባልን ማን ይወዳል? ለሁሉም እንዲሁ አለቻቸው። ሁሉም የጎረቤቱን ዛፍ እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቀ። ፍየሎቹ ፆመኛ ሆኑ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ዋንዛ ካልሆነ አለ። አበባው ያምራላ! እሷ ግን ከዋንዛው ጎን ወይራ፣ ከወይራው ጎን ግራር፣ ከግራሩ ጎን ዝግባ ተከለች። «ሁሉም ካንድ ድስት ከበላ፣ ሁሉም ባንድ ቁርጠት ይተኛል» አለች። አኮረፏት። ትል መጣ፤ ክንድ የሚያህል ትል። ዋንዛውን ራቁቱን አስቀረው። ወይራውን ቀመሰ፣ መረረው። ግራሩን ቀመሰ፣ ወጋው። ተሳድቦ ሄደ።

ሦስተኛው መከራ ባሰ። የከተማው ሹም ግራዝማች ድልነሳው አዳራሽ አማራቸው። «ሰው ሁሉ ደጁ ያለውን ዛፍ ለአዳራሹ ይቁረጥ!» ተብሎ ታወጀ። ክረምት ሊገባ ነው።

አያ ውበቱ መጥረቢያውን አነሣና ራሱን አከከ። «የኔ አይደለም እኮ።» ጌጤን ሊያስፈቅድ ሄደ።

«እኔ ብቻዬን ፀሐይ ልመታ? ጎረቤቴ መጀመሪያ ይፍቀድና» አለች ጌጤ። ጎረቤቷም እንዲሁ አለ። የሱም ጎረቤት እንዲሁ አለ። ጥየቃው ከደጅ ደጅ ሲዞር ሰንብቶ ሙጪት ዘንድ ደረሰ። የሷ ዛፍ ጥላ የሚያርፈው የሹሙ እልፍኝ ላይ ነበር። ሄዳ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ዛፉ የእርስዎ ነው። ይፍቀዱና ልቁረጠው።»

ግራዝማች «ፈቅ...» ሲሉ ሰማይ ፈነዳ። ጎርፉ ቤት የሚያህል ድንጋይ እያንከባለለ ወረደ። ሙጪት ሮጣ ጎጆዋን በጀርባዋ ደገፈች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ዝግባው ጎርፉን ያዘው። ግራሩ አዘገየው። ወይራው አለዘበው። ከደጇ ሲደርስ ጫማውን እንዳወለቀ እንግዳ ቀስ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚቷን ዳስሶ አለፈ።

«እፎይ!» አለች። ከተማው በሙሉ እፎይ አለ። የግራዝማች በቅሎ እንኳ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ጥላዬን የነካ ወዮለት!» አሉ ግራዝማች። አዳራሹ ቀረ።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር ዛፍ መቁረጥ ያሰበ፣ ጥላው ያረፈበትን ጎረቤት ያስፈቅዳል። «የሙጪት ፈቃድ» ይሉታል። ሳያስፈቅድ ለቆረጠ ልጁን የሚድርለት የለም። «ግንዱ ካንተ፣ ጥላው ከሰው» የሚባለውም ከዚያ የመጣ ነው።

ሁሉም እውነት ነው። አንዲቷን ብቻ፣ የልጅ ልጆቻቸው እዚህ ስላሉ አፍሬ ለወጥኳት፤ ያለቀሰችው በቅሎዋ አልነበረችም። ግራዝማች ራሳቸው ነበሩ።