የፈረሱ እንባ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝና ልጀምር።

አንድ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ ለሩጫ ሲዘጋጅ ከርሞ፣ በውድድሩ ቀን ድኩላ በጥቂት ቀደመው። ፈረሱ ድኩላን «እንኳን ደስ ያለህ» አለውና ሆድ ብሶት እዚያው ሜዳው መሃል አለቀሰ።

ተመልካቹ በሳቅ አውካካ። ዳኛው ዝንጀሮ ከጉብታው ላይ ሆኖ፣ «ወንድ ሆነህ በአደባባይ ታለቅሳለህ? አዋረድከን! ሁለተኛ እዚህ ሜዳ እንዳትደርስ!» ብሎ ጮኸበት።

ፈረሱ አፈረ፤ ወዲያው ግን ማፈሩ ራሱ አናደደው። እንባውን ሳይጠርግ ቀና ብሎ፣ «አባ ዝንጀሮ፣ ማንን ጎዳሁ?» ሲል ጠየቀ።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የነበረው ኮርማ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ አምና ስሸነፍ እንባ አይታችሁብኛል? ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አለ።

ይህን ጊዜ ፍየል ከተመልካቹ መሃል ወጣች።

«እውነት ነው፣ አላለቀስክም! በንዴት አጥሩን ሰባብረህ ግልገሌን ረግጠህ ገደልክብኝ እንጂ። ዳኛውም ‹ወኔ ነው› ብሎ አለፈህ። ያን ቀን ያለቀስኩት እኔ ነኝ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዝንጀሮ ግን ቃሉን አላጠፈም፤ ፈረሱን አባረረው፣ ኮርማውንም አቅፎ ሳመው።

ዓመቱ ዞሮ ውድድሩ ሲደርስ፣ ግልገል ያላትም ጥጃ ያላትም ልጇን አስከትላ ፈረሱ ከተባረረ ወዲህ ወደሚሮጥበት ሌላ መስክ ሄደች። ሌላውም ተከተላቸው። ዝንጀሮ ጉብታው ላይ ወጥቶ «ጀምሩ!» ብሎ ሲጮኽ፣ ከኮርማው በቀር የሰማው አልነበረም።